ያገለገለ ራቭ4 ከመግዛት በፊት፦ የፍተሻ ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ። ገና መኪና አላየሁም

እህቴ ያገለገለ ኤስዩቪ ልትገዛ ነው። ፍተሻውን ለእኔ ሰጥታኛለች። የማየውን ሁሉ በየደረጃው እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ፣ ተመሳሳይ መኪና ሊያይ የተነሳ ሰው ካለ ይጠቅመዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሥራው የተጀመረው ወረቀት ላይ ነው። ቁጭ ብዬ የየሞዴሉን የታወቀ በሽታ ጻፍኩ። ብዙ ሰው "ይሄ መኪና ጠንካራ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሩቅ አይወስድም ባይ ነኝ። አንድ ስም የያዙ መኪኖች በሥሪት ዘመናቸውና በሞተራቸው በጣም ይለያያሉ። ራቭ4ን እንውሰድ። ከ2001 እስከ 2003 የተሠራው በአውቶማቲክ ካምቢዮውና ካምቢዮውን በሚያዘው ኮምፒውተር ይታማል፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ማርሹን እየመታ ያስገባል፣ ዝም ተብሎ ከተነዳ ደግሞ ካምቢዮውንም ይዞት ይሄዳል። ከ2006 እስከ 2008 ያለው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር በዘይት መብላት ይታወቃል። የዚያው ዘመን ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተር ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው፣ ከላይ ያለችው የጎማ ዘይት ቱቦ በብረቱ ተቀይራለች ወይ ነው።

ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ኒሳን ሙራኖና ሮግ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮው ነው፤ ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2010 ለተሠሩት የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሞታል። የድሮው ሱባሩ ፎሬስተር ባለ 2.5 ሞተር ከሆነ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኔሲዮን ይታያል። የ2017 እና የ2018 ሆንዳ ሲአርቪ ባለ 1.5 ቱርቦ ከሆነ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር የመቀላቀል ችግሩ ይጠየቃል፣ በተለይ ብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው።

የታወቀ በሽታ ያለው መኪና አይገዛም ማለት አይደለም። በሽታው ከታወቀ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ማንም ምንም የማያውቅለት መኪና ነው።

እህቴ የምትችለው ገንዘብና የምትፈልገው ስፋት ሲገናኙ የ2007 ራቭ4 ላይ ወደቅን። ባለ 2.4፣ አውቶማቲክ፣ ፎር ዊል።

እሑድ። በስልክ

ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መኪናውን ዕለት ዕለት ይነዱታል። ይሄ ጥሩ ነው። ቆሞ የከረመ መኪና ብዙ ነገር ይደብቃል።

በቅድሚያ የሻንሲ ቁጥሩን ጠየቅኳቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ራቭ4 ባለ 17 ሆሄ ቪን የለውም፤ ኤሲኤ31 የመሰለ የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝና ተከታታይ ቁጥር ነው ያለው። ለሌላው ገበያ የተሠራው ባለ 17 ነው። ቁጥሩን ለየገበያው በተዘጋጀው የአምራቹ የሪኮል (አምራቹ ጉድለት ሊያስተካክል መኪናን ሲጠራ) መፈለጊያ ላይ አስገብቶ ያልተሠራ ነገር ካለ ማየት ነው። ነጻ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅም፣ ግን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ትውልድ ራቭ4 ሦስት ትልልቅ ሪኮሎች አሉበት። በ2012 የኋላ ሰስፔንሽኑ ክንድ ተጠራ፤ የጎማ አላይመንት ሲሠራ ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ ጥርሱ ዝጎ ክንዱ ሊሰበር ይችላል። በዚያው ዓመት የመስኮት መቆጣጠሪያ ማብሪያው ተጠራ፣ እሱ ራቭ4ን ብቻ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ 7.4 ሚሊዮን ገደማ መኪና የነካ ነው። በ2016 ደግሞ የኋላ ወንበር ቀበቶ፤ ከባድ ግጭት ሲደርስ የወንበሩ ብረት ቀበቶውን ሊቆርጠው ይችላል ተብሎ ብረቱ ላይ መሸፈኛ እንዲደረግበት ሆነ። እህቴ ልጆቿን የምታስቀምጠው ኋላ ነው። ስለዚህ ለእኔ ከሦስቱ ይሄኛው ይብሳል። ቁጥሩን ሳስገባ ያልተሠራ ሆኖ የወጣውም እሱው ነው።

ቀጥሎ የዘይቱ ጥያቄ መጣ።

"ልጄ፣ ይሄ መኪና አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም" አሉኝ።

"ጥሩ ነው ጋሼ። በሁለት ሰርቪስ መሀል ስንት ዘይት ይጨምራሉ?"

ትንሽ ዝም አሉ። "አንዳንዴ ጠብ አደርግበታለሁ" አሉ።

ይህን መልስ ወደድኩት። "ይበላል ወይ?" ብዬ ብጠይቃቸው "አይበላም" ይሉኝ ነበር፣ ውሸታምም አይሆኑም፣ ምክንያቱም ጠብ ማድረግን እንደ መብላት አይቆጥሩትም። ጥያቄው ስለ መጠኑ ሲሆን መልሱም ስለ መጠኑ ይሆናል።

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው። "ጋሼ፣ እባክዎ እኔ እስክደርስ እንዳያስነሱት።"

ማክሰኞ ጠዋት። ቀዝቃዛ ሞተር

ስደርስ መጀመሪያ እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግኩ። ቀዝቃዛ ነው። ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሞቆ የጠበቀ ሞተር ቢሆን ሌላ ቀን እመለስ ነበር፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው አነሳስ ብዙ ነገር የሚያጋልጥ ነው፣ በቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው።

የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ ከትቼ አወጣሁ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሀል፣ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡኒ። ጣቴ ላይ አድርጌ በብርሃን አየሁት፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ የለበትም። ክዳኑን ከፈትኩ። ከሥሩ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ አጭር አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ላይ ጥቂት ጤዛም ይህን ሊያመጣ ይችላል። እዚህ የለም። ቀጭን ቡኒ ቅርፊት ብቻ ነው ያለው።

የራዲያተሩ ማጠራቀሚያ ላይ ያለው ፈሳሽ ሮዝ ነው፣ ንጹሕ፣ ግን ዝቅተኛው መስመር ላይ ደርሷል። የት ሄደ? የእጅ ባትሪ ይዤ ጎንበስ ብዬ ችንጋው ባለበት በኩል ፈለግኩ። የውሃ ፖምፓው ሥር የደረቀ ሮዝ ቅርፊት አለ። ቅርፊት ብቻ፣ እርጥበት የለውም። እያለቀሰ ያለ ፖምፓ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ችላ ከተባለ ሞተር ያግላል፣ የጋለ ሞተር ደግሞ ቴስታታ ያበላሻል። ጻፍኩት።

ከዚያ እህቴ ቁልፉን ያዘች፣ እኔ ማርሚታው ጋ ቆምኩ። አስነሳችው። ወዲያው ያዘ። ይሄ ሞተር በካቴና ነው የሚሠራው፣ ችንጋ የለውም ለማለት ሳይሆን የቫልቭ ማዘዣው በካቴና ነው፤ ስለዚህ "መቼ ተቀየረ?" የሚባል የችንጋ ጥያቄ እዚህ አይነሳም፣ ይልቅ ሲነሳ የሚንኳኳ የብረት ድምፅ ካለና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ካልጠፋ ካቴናው ረዝሟል ወይ ማወጠሪያው ደክሟል ተብሎ ይጠረጠራል። አልተሰማም።

ጭሱን በትዕግሥት አየሁ። ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ብሎ የሚጠፋ ጭስ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። እየተነዳ ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጠረጠራል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ጣፋጭ ሽታ ያለው የማይጠፋ ነጭ ከሆነ ቴስታታ ነው፣ የጠዋት እንፋሎት ግን ደህና ነው። እዚህ እንፋሎት ብቻ ነው ያየሁት። ዘይት ጉዳይ ግን በዚህ አልተዘጋም። ካታሊቲኩ (በማርሚታው መስመር ላይ ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ጥቂት ጥቂት ዘይት ስለሚያቃጥል ጭስ አለመታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

እዚያው። ላሜራው

የቀለም ውፍረት መለኪያ ተውሼ ይዤ ነበር። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው። ኮፈኑ 118፣ የፊት በሮች 120ዎቹ ውስጥ፣ ጣሪያው 109። እየዞርኩ ወደ ቀኝ ኋላ ስደርስ 420 አለኝ። አንድ ስንዝር ሳልፍ 455። እዚህ ሥር ስቱኮ አለ።

ይሄ ራቭ4 የኋላ በሩ ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፣ መለዋወጫ ጎማውም በሩ ላይ ነው የተሰቀለው። ስለዚህ ከኋላ የመጣ ምት ጎማውን ገፍቶ በሩን ያጎደጉደዋል። ጎማው በሚታሰርበት ዙሪያም 380 ገደማ አገኘሁ። በሩን ከፍቼ ማጠፊያውን አየሁ፣ የቦሎኖቹ ቀለም ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል፣ ማለት በቁልፍ ተነክተዋል። የእቃ መጫኛውን ወለል ምንጣፍ አነሳሁና ከሥሩ ያለውን ላሜራ በእጄ ዳሰስኩ። የፋብሪካው የብየዳ ነጥቦች በእኩል ርቀት እንደተደረደሩ ናቸው፣ ማሸጊያውም ወጥ ነው፣ የተጨማደደ ቦታ የለም። ምቱ ቆዳውን እንጂ አጥንቱን አልነካም።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተመትታ ነበር?"

"አዎ፣ ቆማ ሳለ ነው የገጯት። በደንብ ተሠርታለች።"

ሳያቅማሙ ነገሩኝ። ይሄም ከቁጥሩ ያላነሰ ይቆጠራል።

ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ለማወቅ የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻቸው ስቤ አየሁ። ጎርፍ የገባበት መኪና ወንበሩ ይታጠባል፣ የቀበቶው ጥቅል መጨረሻ ግን የሚያጥበው የለም፣ ጭቃው እዚያ ይቀራል። ንጹሕ ነው። የወንበሮቹ ቦሎኖችም አልዛጉም። ኪሎ ሜትሩ 186,000 ይላል፤ የፍሬን መርገጫው ጎማ፣ የመሪው ልባስና የሰርቪስ ወረቀቶቹ ከዚህ ቁጥር ጋር ይሄዳሉ።

ጎማዎቹ

አጭር ነው፣ ግን በፎር ዊል መኪና ላይ ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም። የጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። የፊቶቹ 2219 ይላሉ፣ የ2019 22ኛ ሳምንት። የኋላዎቹ 0316፣ ሌላ ሥሪት፣ ጥርሳቸውም በግልጽ ያነሰ። ዙሪያቸው የተለያየ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ይሽከረከራሉ፣ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ኩፕሊንግ ደግሞ ልዩነቱን ሲያስተካክል ይውላል፣ ይግላል፣ ያልቃል። አራቱም መቀየር አለባቸው። ሁለት ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም።

ከሰዓት በፊት። መንዳት

መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሬ በዝግታ ከበብኩ፣ በቀኝም በግራም። ከፊት ጎማ በኩል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ የሴሚያሱ ጆይንት ነው። የለም። በዝቅተኛ ፍጥነት ሻካራ መንገድ ላይ መሪው ውስጥ ቁብ የሚል ነገር ይሰማኛል። በዚህ ትውልድ የመሪው መሀል ዘንግ የሚያመጣው የታወቀ ድምፅ ነው፤ አደገኛ አይመስልም፣ ግን መካኒኩ እንዲያየው ጻፍኩ።

ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ነው፣ የድሮ ሥሪት፣ ይሄ ለእኔ ጥሩ ነገር ነው። ቀዝቅዞም ሞቆም ማርሽ ሲቀይር አይመታም፣ አይንሸራተትም። ከፓርክ ወደ ሪቨርስ ሲገባ መዘግየት የለውም። ረጅም ዳገት ላይ ሙቀቱ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። የፎር ዊሉን መቆለፊያ አፈር መንገድ ላይ አበራሁት፣ ያዘ፣ ፍጥነቱ 40 ገደማ ሲያልፍ መብራቱ በራሱ ጠፋ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

እዚያው። ኮምፒውተሩ ያልተናገረው

እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነው።

የኦቢዲ ማንበቢያውን (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) ሰካሁ። ኮድ የለም። ክሩስኮቶው ላይም የሞተር መብራት የለም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነቅሎ "ንጹሕ ነው" ብሎ ይሄዳል። እኔ ወደ ሁለተኛው ገጽ ገባሁ፣ ራስን የመፈተሻ ዝግጁነት የሚታይበት። ካታሊቲክ፦ አልተጠናቀቀም። የኦክስጅን ሴንሰር፦ አልተጠናቀቀም። የነዳጅ ትነት፦ አልተጠናቀቀም። ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳው ርቀት ደግሞ 31 ኪሎ ሜትር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር እያንዳንዱን ክፍል የሚፈትነው እየተነዳ ነው፣ ቀዝቃዛ አነሳስ፣ ከተማ፣ ወጥ ፍጥነት፣ ሁሉም ሲሟላለት። ኮድ ሲሰረዝ ወይም ባትሪ ሲነቀል ፈተናው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ገና ያልተፈተነ መኪና ኮድ ባያሳይ ምንም ማለት አይደለም። ማንበቢያው ያላለውን ነገር ማንበብ ያስፈልጋል።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ባትሪ በቅርቡ እንደቀየሩ ነገሩኝ። ኮፈኑን መልሼ ከፈትኩ፣ ባትሪው በእርግጥ አዲስ ነው። ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት፣ ዲናሞውም ደህና። የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፣ አምናቸዋለሁም። ግን እውነት ቢሆንም ካታሊቲኩ አልተፈተነም። የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ደግሞ ዘይት ነው፣ የሚቃጠል ዘይት ከጊዜ በኋላ የሚገድለው ካታሊቲክን ነው። ልክ ማየት የምፈልገው ነገር ላይ ነው መጋረጃው የወረደው።

ሁለቱም ጥያቄዎች፣ ዘይቱም ካታሊቲኩም፣ በአንድ ጠዋት አይመለሱም። ኪሎ ሜትር ይፈልጋሉ።

ማክሰኞ ማታ። ጊዜ ጠየቅኩ

ጋሼን እንዲህ አልኳቸው፦ "መኪናውን ወድደነዋል። ቅድሚያ ክፍያ እንስጥዎ፣ እርስዎ እንደተለመደው ይንዱት። ዘይቱን አሁን አብረን እስከ ላይኛው ምልክት እንሞላዋለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ እስክንመለስ ድረስ ምንም አይጨምሩበት፣ ኮድም አያስጠፉ። ከታችኛው ምልክት ከወረደ ግን ጤናው ይቀድማል፣ ይጨምሩና ይንገሩኝ።"

ትንሽ አሰቡ። "ሌላ ገዢ ቢመጣስ?"

"ለዚያ ነው ቅድሚያ ክፍያው።"

ተስማሙ። የተስማማነውን በአጭሩ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፣ በምን ሁኔታ ገንዘቡ እንደሚመለስም ጨምረን። ይህን መንገድ ሁሉም ሻጭ አይቀበለውም፣ እንዲቀበልም መጠበቅ አይገባም። ግን ዘይት በመብላት የሚታማ ሞተር ሲሆን ይሄን ያህል የሚያረጋጋ ነገር አላውቅም። "ዛሬ ካልወሰድከው ነገ የለም" የሚል ሻጭ ካጋጠመ እኔ በበኩሌ ነገን እመርጣለሁ።

መለኪያውን ማንበብ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ሁለቱም ንባብ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ መሆን አለበት። የሞቀ ሞተር ላይ አንዴ፣ በቀዝቃዛ አንዴ ከተነበበ ልዩነቱ ውሸት ነው።

ከሳምንታት በኋላ። ንባቡ

ርቀቱ 900 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ወርዷል፣ የሁለቱን ምልክቶች ክፍተት ሲሶ ገደማ። ክፍተቱ ወደ አንድ ሊትር ስለሆነ 0.3 ሊትር አካባቢ በላ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ለ2,000 ኪሎ ሜትር 0.7 ሊትር ገደማ ይመጣል።

ብዙ ነው ትንሽ? ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ሞተሮች ፒስተንና ፋሻ በሚቀይርበት ጊዜ መለያው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ መንገድ አንድ ሊትር ገደማ ነበር። ይሄ ከዚያ በታች ነው። ጤነኛ ግን አልለውም። የዘይት ፋሻው ቀዳዳዎች በካርቦን መደፈን ጀምረዋል ብዬ ነው የማነበው። እየታየ የሚነዳ ነው፣ ረስቶ የሚነዳ አይደለም።

አሁን ማንበቢያው። የራስ ፈተናዎቹ በሙሉ ተጠናቀዋል። ካታሊቲክ፦ አልፏል። ይህን ሳይ ደረቴ ቀለል አለኝ። ግን በመጠባበቅ ላይ ያለ አንድ ኮድ መጣ፣ ፒ0171፣ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል የሚል። መብራት ገና አላበራም፣ ጥቂት ቀን ቢቆይ ያበራ ነበር።

ወዲያው መበርገግ አያስፈልግም። የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥሮቹን በሁለት ሁኔታ አየሁ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ሞተሩ 28 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ እየጠየቀ ነው። ወደ 2,500 ዙር ሳነሳው ወደ 8 ወረደ። ይሄ ምልክት ነው። ችግሩ የነዳጅ ፖምፓ ወይም የአየር መለኪያ ሴንሰር ቢሆን ጭነት ሲጨምር ይብስ ነበር። ሚኒሞ ላይ ከፍቶ ዙር ሲጨምር የሚሻሻል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአየር መለኪያው በኋላ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ፤ ቀዳዳዋ ያው ናት፣ ሞተሩ ብዙ ሲተነፍስ ድርሻዋ ያንሳል። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ስጠጋ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ከቫልቭ ክዳን ወደ አየር ማስገቢያ የምትሄደው የጎማ ቱቦ ታጥፋ ስትታይ ከሥሯ ተሰንጥቃለች። በጣቴ ስጫናት ሚኒሞው ተለወጠ። አንዲት ቱቦ ናት።

በመጀመሪያው ቀን "ኮድ የለውም" ብለን ገዝተን ቢሆን እህቴ በሁለተኛው ሳምንት የሞተር መብራት ይዛ ትደውልልኝ ነበር።

ሐሙስ። መካኒኩ ጋ፣ ከሥር

መኪናው ላይ ምንም ጥቅም የሌለው መካኒክ ነው የመረጥኩት። ሻጩ የሚያውቀው አይደለም፣ ከገዛንም ሥራውን ለእሱ እንደምንሰጥ ቃል አልገባንም።

የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የግፊት መጠን) 175፣ 172፣ 178፣ 170 ፒኤስአይ ነው። እዚህ የሚፈለገው መቀራረቡ ነው፣ ተቀራርቧል። ግን ጥሩ ኮምፕሬሽን የዘይቱን ጥያቄ አይዘጋም። ግፊቱን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው፣ ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ነው። "ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ዘይት አይበላም" የሚል ሰው ካለ ሁለት የተለያየ ነገር እያምታታ ነው። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ሦስቱ ፈዘዝ ያለ ቡኒ፣ አንዱ ላይ ስስ ነጭ አመድ አለ። ከለካነው ጋር ይስማማል።

የኋላ ክንዶቹን መጀመሪያ አሳየሁት። ላይ ላዩን ዝገት፣ ዳዶዎቹ ጥብቅ፣ ጥርሱ አልተበላም። ከፊት ቀኝ የታችኛው ቴስቲና (የክንዱ ኳስ መገጣጠሚያ) ትንሽ ጨዋታ አለው። የሾክ አብዞርበር መፍሰስ የለም። የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ሽታው ደህና ነው። የካምቢዮ ዘይቱን ከሥር ትንሽ አውርዶ አሸተተ፣ አልተቃጠለም፣ ግን መቀየር ያለበት ነው አለ። የመሪው ቁብታ እንደጠረጠርኩት መሀል ዘንጉ ነው፣ ሊቆይ ይችላል። የውሃ ፖምፓው አይቆይም።

ሐሙስ ማታ። ሒሳብ

ከጋሼ ጋር ስንነጋገር "መኪናው ችግር አለበት" አላልኩም። እንደዚያ የተባለ ሻጭ መከራከር ይጀምራል፣ ልክም ነው። ዝርዝሩን ከፎቶዎቹ ጋር አቀረብኩላቸው፦ አራት ጎማ፣ የውሃ ፖምፓ፣ አንድ ቴስቲና፣ የካምቢዮ ዘይት። ቱቦዋን አልጨመርኩም፣ ትንሽ ናት። የስቱኮውን ጉዳይም አላነሳሁም፣ በግልጽ የነገሩኝን ነገር መልሼ መደራደሪያ ላደርግባቸው አልፈለግኩም። ስለ ዘይቱ የለካነውን ቁጥር ብቻ ነገርኳቸው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። "ዘይቱን እኔም እንዲህ ለክቼው አላውቅም" አሉ። የጎማውንና የፖምፓውን ሙሉ ዋጋ ቀነሱ፣ ቀሪውን እኛ ያዝን። እህቴ ተስማማች።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ስም ከመዞሩ በፊት የኋላ ቀበቶው ሪኮል፣ ሻጩ ራሳቸው ቀጠሮ ይይዛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የውሃ ፖምፓ፣ ቱቦዋና ቴስቲናው በአንድ መግቢያ፣ ከዚያ አላይመንት፤ ሲጨርሱ የኋላ ክንዶቹ ዳዶ በመለኪያ ቁልፍ መጥበቁን ቆሜ አያለሁ። ጎማዎቹ አራቱም አንድ ዓይነት ይገዛሉ። የካምቢዮ ዘይቱ በወሩ መጨረሻ። የሞተር ዘይቱን እህቴ ነዳጅ በሞላች ቁጥር ትለካለች፣ ንባቡንና ኪሎ ሜትሩን ስልኳ ላይ ትይዛለች፤ ለ2,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከደረሰ የፒስተኑን ሥራ እንነጋገራለን። ቱቦዋ ከተቀየረች በኋላ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር መልሼ አነብና እዚህ እጨምረዋለሁ።